ኖቫንና ሱፐርኖቫን ከጫግኒ መከታተል፦ ዕድሉና ገደቡ

መግቢያ

ኖቫና ሱፐርኖቫ በስም ቢቀራረቡም በባሕርይ የተለያዩ ክስተቶች ናቸው። ኖቫ የሚከሠተው ነጭ ድንክ የተባለው የከሰመ ኮከብ ከተጓዳኙ ኮከብ የሳበው ሃይድሮጅን በገጹ ላይ ተከማችቶ በኑክሌር ውሕደት ሲፈነዳ ነው፤ ኮከቡ ራሱ ግን ይተርፋል። ሱፐርኖቫ በአንጻሩ አብዛኛውን ጊዜ የኮከቡ ፍጻሜ ነው፤ የግዙፍ ኮከብ እምብርት ሲናድ ወይም ነጭ ድንክ ሙሉ በሙሉ ሲፈነዳ ይታያል። ሁለቱም ቀን ቆርጠው አይመጡም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መረጃ የሚገኘው በዚያች ሰዓት የመሸበትና ሰማዩ የጠራለት ታዛቢ ሲኖር ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ በጫግኒ የሚተከል አነስተኛ ቴሌስኮፕ ለዚህ ሥራ ምን ሊያበረክት እንደሚችል በሁለት ክስተቶች አማካይነት ይመረምራል።

የቦታው ጠቀሜታ

ጫግኒ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከሰሜኑም ከደቡቡም ሰማይ አብዛኛው ይታይባታል። በየካቲት 1979 ዓ.ም. በትልቁ የማጄላን ደመና የፈነዳው ሱፐርኖቫ 1987ኤ ለአውሮፓ ታዛቢዎች ከአድማስ በታች ነበር፤ ከጫግኒ ሲሰላ ግን በስተደቡብ እስከ 10 ዲግሪ ገደማ ከፍ ይላል። ከዚህም በላይ ጫግኒ ከጃፓን በስተምዕራብ 100 ዲግሪ ያህል ትርቃለች። በዚያ ሊነጋ ሲቃረብ እዚህ ምሽቱ ገና ይጀምራል።

የመጀመሪያው ክስተት፦ ግንቦት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ጃፓናዊው አማተር ታዛቢ ኮይቺ ኢታጋኪ ኤም 101 በተባለው ጋላክሲ ውስጥ ሱፐርኖቫ 2023አይኤክስኤፍን ያገኘው በዚህ ዕለት ነው። ጋላክሲው ከእኛ ወደ 21 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይርቃል። የግኝቱ ቅጽበት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ነበር። በስሌት እንደሚታየው በዚያች ደቂቃ ጋላክሲው ከጫግኒ በሰሜን ምሥራቅ 38 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነበር፤ ከዚያም ለሰዓታት ይበልጥ ከፍ ይል ነበር። የሱፐርኖቫው የድምቀት ደረጃ 14.9 ስለነበር በዓይን አይታይም፤ ሆኖም ካሜራ የተገጠመለት የ20 ሴንቲ ሜትር ቴሌስኮፕ በጨለማ ሰማይ ሊመዘግበው ይችላል። ፍንዳታው መቼ እንደጀመረ ለማወቅ ከግኝቱ ሰዓታት አስቀድሞ አማተሮች ያነሷቸው ምስሎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው።

ሁለተኛው ክስተት፦ ነሐሴ 2 ቀን 2013 ዓ.ም.

በዚህ ዕለት አርኤስ ኦፊዩኪ የተባለው ተደጋጋሚ ኖቫ ፈንድቶ በዓይን እስከ መታየት ደመቀ። ኮከቡ በዚያ ወቅት ከጫግኒ አንጻር በምሽት ከፍ ብሎ የሚታይ ነው። ነገር ግን ነሐሴ የአዊ ክረምት የሚበረታበት ወር ነው። መሣሪያ ቢኖርም ደመናው በሚፈለገው ሰዓት ላይገለጥ ይችላል። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ይህ ወቅት የዓመቱን ሢሶ ስለሚወስድ ማናቸውም ዕቅድ ከመነሻው ሊቀበለው የሚገባ ገደብ ነው።

ሊሠራ የሚችለው

ዛሬ አብዛኛው ሱፐርኖቫ የሚገኘው ሰማዩን በሚያስሱ ሮቦታዊ ቴሌስኮፖች ነው። ከእነርሱ ጋር በግኝት ብዛት መፎካከር አያዋጣም። አነስተኛ ቴሌስኮፕ የሚጠቅመው የግኝት ዜና እንደተሰማ ፈጥኖ ድምቀትን በመለካት ነው። አሠራሩም ውስብስብ አይደለም፦ ታዛቢው ኮከቡንና ድምቀታቸው የታወቁ ጎረቤቶቹን በአንድ ምስል ያነሳል፤ ያነጻጽራል፤ ሰዓቱን በዓለም አቀፍ አቆጣጠር ይመዘግባል፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1911 ለተመሠረተው የአሜሪካ የተለዋዋጭ ኮከቦች ታዛቢዎች ማኅበር የመረጃ ቋት መላክ ይችላል።

ለልምምድ የሚመረጠው ቲ ኮሮኔ ቦሪያሊስ ነው። ይህ ኖቫ እ.ኤ.አ. በ1866 እና በ1946 የፈነዳ ሲሆን ከጫግኒ እስከ 75 ዲግሪ ከፍ ይላል። በተለመደው ጊዜ የድምቀት ደረጃው 10 ያህል ስለሆነ በአነስተኛ ቴሌስኮፕ ከወዲሁ ሊለካ ይችላል። ሲፈነዳ ወደ 2 ይደርሳል፤ በቀናት ውስጥም ይደበዝዛል።

ኮከቡ ሲደበዝዝ ሥራው ወደ ትልቅ መስተዋት መሸጋገር አለበት። በእንጦጦ ያሉት ሁለት ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው የ1 ሜትር መስተዋት ስላላቸው ከ20 ሴንቲ ሜትሩ 25 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባሉ።

ማጠቃለያ

የጫግኒ ብርታት የቦታዋ አቀማመጥ፣ ድካሟም ክረምቷ ነው። ስለዚህ መለኪያው በጥቅምት ተጀምሮ እስከ ግንቦት በየምሽቱ እንዲቀጥል፣ መሣሪያውም በክረምት ከእርጥበት ተጠብቆ እንዲቀመጥ ይመከራል። ከፍንዳታው በፊት የተጠራቀመ የተራ ምሽቶች መዝገብ ፍንዳታው ካለፈ በኋላ በምንም ገንዘብ አይገዛም።