የከሰዓት በኋላው ጓደኛ

ወንድሜ፣ ጫቱን ለመተው ቆርጠሃል? እሰይ! እንግዲያው ከቅጠሉ በፊት ሰዓቱን አስብበት። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያለ ቃሚ ከስምንት ሰዓት በኋላ የት እንደሚውል፣ ከማን ጎን ጋደም እንደሚል፣ ጨዋታው በማን እንደሚደምቅ ያውቃል። በርጫውን ትተህ ያን ሰዓት ባዶ ካደረግኸው ሐራራው ብቻህን ያገኝሃል። ስለዚህ አስቀድመህ ጓደኛ አዘጋጅለት።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ የተናገሩት ወንዶች 27 በመቶ፣ ሴቶች 12 በመቶ ነበሩ። ጉዳዩ ይበልጥ የእኛ የወንዶች ነው፤ መውጫውንም አብረን እናብጅ። ወሎ ደግሞ ለዚህ የታደለ አገር ነው። ሰው ሲሞት የሚሰበሰብ ቅሬ፣ የተጣላን የሚያስታርቅ አበጋር አለን። በሕይወት ያለ ወንድማችን ሲንገዳገድም እንሰብሰብለት። አራት አምስት ሆናችሁ በዚያው በበርጫ ሰዓት ቡና አስፈሉና ተቀመጡ፤ ትናንት እንዴት እንዳለፈ ተነጋገሩ። ወንድ ገመናውን አያወጣም የሚለው ልማድ ስንቱን ዝም አሰኝቶ አስቀርቷል! (ጫት ተው ስል በሐድራ ለዱአ የሚቀመጡ አባቶቻችንን አይደለም የምለው፤ ሳይቅም ሥራ መጀመር ስላቃተው ሰው ነው።)

ተቀምጦ መነጋገር እንደሚረዳ ሌሎችም አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1935 አሜሪካ፣ አክሮን ከተማ ውስጥ ቢል ዊልሰን የተባለ የአክሲዮን ነጋዴ ሊጠጣ ሲቃጣው መሸታ ቤት ከመግባት ይልቅ እንደ እሱ መጠጥ ያስቸገረው ሰው ፈልጎ አወራ። ያገኘው ሰው ዶክተር ቦብ ስሚዝ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር። ዛሬ ዓለምን ያዳረሰው ከመጠጥ የሚላቀቁ ሰዎች ማኅበር ከሁለት ወንዶች ጨዋታ ነው የተነሣው።

አሁን ስለ ሰውነትህ ልንገርህ። ጫት ስታቆም መደበት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ሌሊት ዱካክ ሊመጣብህ ይችላል። ዱካኩ ያስፈራል እንጂ ያልፋል፤ በርታ! መጠጥ ግን ሌላ ነው። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ምርቃናውን በጨብሲ መስበር የለመደም ቢሆን፣ በአንድ ጊዜ ካቆመ በሰዓታት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል። ከዚያም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ፣ ሊቃዥም ይችላል፤ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከማቆምህ በፊት የደሴ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍልን አማክር። መንቀጥቀጡንና መንፈራገጡን የሚያበርድ መድኃኒት አለ፤ ጠንከር ካለም አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ሐኪም ዘንድ መሄድ ወንድነትህን አይቀንሰውም፤ ልጆችህ አባታቸውን ይፈልጉታል።

አልችልም አትበለኝ። ረመዳን ሲገባ ቀኑን ሙሉ ሳይቅም የሚውለውን ሰው ቁጠረው፤ ማታ የሚቅም ቢኖርም ከሰዓት በኋላው ያለ ጫት እንደሚያልፍ ራሱ አይቶታል። ያን ወር ያሻገረው አንዱ ነገር መላው ሰፈር አብሮት መጾሙ ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ የምትነዳ ሹፌር ከሆንክ ደግሞ ለረዳትህ መተውህን ዛሬውኑ ንገረው። እንቅልፍ ሲጫንህ ባቲ ላይ መኪናዋን ጥግ አስይዘህ ሸለብ አድርግ፤ ሐራራው ሲነሣ ከቡና ጓደኞችህ ለአንዱ ደውል።