«ማን ለካው?» ትሪጎኖሜትሪ ለጋዜጠኛ

ሂሳብን ከማትሪክ ጋር የተሰናበትኩት መስሎኝ ነበር። ባለፈው ሴሚስተር ግን ስለምኖርበት ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የመለማመጃ ዜና ስጽፍ፣ ዓለም ባንክ አካባቢ ያለ አንድ የስልክ አንቴና «50 ሜትር ከፍታ አለው» አልኩ። መምህሬ ከቁጥሩ ጎን በቀይ እስክሪብቶ «ማን ለካው?» ብለው መለሱልኝ። እውነቱን ለመናገር ማንም አልለካውም፤ የሰፈር ሰው ሲል ሰምቼ ነው። ነገሩ ቢከነክነኝ የድሮ ደብተሬን አወጣሁ።

ለመሆኑ ትሪጎኖሜትሪ ምንድን ነው?

የጎነ ሦስትን ጎኖችና አንግሎች ዝምድና የሚያጠና የሂሳብ ዘርፍ ነው። አንዱ አንግሉ 90 ዲግሪ የሆነ ጎነ ሦስት እንውሰድ። ከቀሩት ሁለት አንግሎች አንዱን ስንመርጥ ከፊት ለፊቱ ያለው ተቃራኒ ጎን፣ ከአጠገቡ ያለው አጎራባች ጎን ይባላል። ከ90 ዲግሪው ፊት ለፊት ያለው ደግሞ ረጅሙ ጎን ነው።

ሳይን = ተቃራኒ ÷ ረጅሙ ጎን
ኮሳይን = አጎራባች ÷ ረጅሙ ጎን
ታንጀንት = ተቃራኒ ÷ አጎራባች

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጎነ ሦስቱ ደብተር ላይ ቢሳል ወይም እንጦጦን ቢያክል፣ አንግሉ እስካልተለወጠ ድረስ ውጤቱ አይለወጥም። ለእያንዳንዱ አንግል የራሱ ቁጥር ስላለው ነው ፈንክሽን የተባሉት። የ45 ዲግሪ ታንጀንት ሁልጊዜ 1 ነው፤ የ30 ዲግሪ ደግሞ 0.577 ገደማ።

አንቴናውን እንዴት ለካሁት?

አንቴናው በአጥር የተከበበ ስለሆነ እግሩ ስር መድረስ አይቻልም። ፕሮትራክተር ላይ ክርና ጠጠር አሰርኩና እንደ ግንበኛ ቱምቢ ተጠቀምኩበት። ሰፈራችን ዳገት ቢበዛበትም ከአንቴናው ፊት ለፊት ደልዳላ ሜዳ አለ። ጫፉ በ45 ዲግሪ የሚታይበት ቦታ ላይ ምልክት አደረግኩ፤ 30 ዲግሪ እስኪሆን ድረስ ደግሞ ወደ ኋላ ሄድኩ። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት 20 ሜትር ሆነ።

በ45 ዲግሪ ከአንቴናው ያለኝ ርቀት ከዓይኔ በላይ ካለው ከፍታ ጋር እኩል ነው፤ በ30 ዲግሪ ግን የከፍታው 1.732 እጥፍ ነው። ስለዚህ 20 ሜትሩ የከፍታው 0.732 እጥፍ ነው ማለት ነው። 20 ÷ 0.732 = 27.3። የዓይኔን ከፍታ 1.6 ሜትር ስጨምርበት 29 ሜትር ገደማ መጣ። ሁለቱንም አንግሎች በአንድ አንድ ዲግሪ ብሳሳት እንኳ 34 ሜትር አይሞላም። 50 ሜትር የሚባለው ወሬ ነበር!

ሌላስ ምን ያደርግልናል?

ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ ሲዘዋወር፣ ያልወጣቸውን ተራሮች ሳይቀር በርቀት አንግላቸውን እየለካ ለካርታ ሥራ አውሏቸዋል። ዘዴው ከእኔ ፕሮትራክተር ጋር ዘመዳሞች ናቸው። የእኛው ሙያም ከሳይን አያመልጥም፤ ሬዲዮ የሚሰራጭበት ሞገድ ቅርጹ የሳይን ነው። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ስንል ሞገዱ በሴኮንድ 97.1 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ይመላለሳል ማለታችን ነው።

ውድ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች፣ ሁላችንም መሐንዲስ እንሁን አላልኩም። ነገር ግን ቁጥር ከመጻፋችን በፊት «ማን ለካው?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ካጣን ደግሞ ክርና ጠጠር አይጠፋም።