አባትና ልጅ በፈረሰኞች በዓል

በአገው ምድር፥ ዛሬ አዊ ዞን በሚባለው ሀገር፥ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ከተማ ታላቅ የፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ዕለቱ የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል ነው። ከባንጃ፥ ከዳንግላ፥ ከአንከሻ፥ ከጓጉሳና ከሌሎቹም ወረዳዎች ፈረሰኞች ግላስ ያለበሱትን ፈረስ እየጋለቡ ይመጣሉ። በዓሉን የሚያከብረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፥ ዓላማውም በዓድዋ ጦርነት ስለ ሃይማኖታቸውና ስለ ሀገራቸው የተዋደቁትን አባቶችና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ማሰብ ነው። የዓድዋው ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዚሁ ሰማዕት ዕለት መሆኑን፥ የቅዱስ ጊዮርጊስም ታቦት ከሠራዊቱ ጋር መዝመቱን አንባቢ ያውቃልና በዚህ አንዘገይም።

በዚያ ሀገር ፈረስ የጌጥ እንስሳ ብቻ አይደለም። በሌላው ዘንድ በሬ በሚጠመድበት እርሻ በአዊ ፈረስ ተጠምዶ ያርሳል፤ ሙሽራ ያመጣል፤ በጥምቀት ታቦት ያጅባል። ልጅም ፈረስን የሚያውቀው ከሜዳው አስቀድሞ ከወንዝ ዳር ነው፤ ውኃ ሲያጠጣው፥ ሣር ሲያጭድለት። እንዲህም ሆኖ ከአያት ለአባት፥ ከአባት ለልጅ ይተላለፋል። ስለዚህ በጥር 23 ቀን አባትና ልጅ ጎን ለጎን ሲጋልቡ ማየት የተለመደ ነው። ዛሬም ልንጽፍ ያሰብነው ስለ ፈረሱ ሳይሆን ስለ እነዚህ ስለ ሁለቱ ነው።

በበዓል ቀን መጋለብ አይገባም የሚሉ አንዳንድ ወንድሞች ካህናት አሉ። እኛ ግን ነቀፋው በግልቢያው ላይ ሳይሆን ቅዳሴውን ትቶ ኮርቻ ሲያሳምር በሚያረፍደው ሰው ላይ ሊሆን ይገባል እንላለን። አስቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ፥ ከዚያ በኋላ ወደ ሜዳ የወጣውን የሚከለክለው ሥርዓት አላገኘንም።

ከብዙ ዓመት በፊት በዚህ በዓል ያየነውን እንናገር። አንድ አባት ዐሥር ዓመት የሚሆነውን ልጁን ይዞ መጣ። በሶምሶማው ሰልፍ ጎን ለጎን አለፉ፤ ሴቶችም እልል አሉላቸው። ወደ ግልቢያው በደረሱ ጊዜ ግን የልጁ ፈረስ ወደ ኋላ ቀረ። አባትየው ወደ ሕዝቡ ተመለከተ፤ ወዲያውም ፈረሱን መልሶ ከልጁ ኋላ መጣና የልጁን ፈረስ በአለንጋ መታው። ፈረሱ ፈረጠጠ፤ ልጁም እርካብ ስቶ ወደቀ። እግዚአብሔር ስለ ጠበቀው ከክንዱ መላጥ በቀር ምንም አልሆነም። እኛን ያሳዘነን መውደቁ አልነበረም፤ ከፈረስ ያልወደቀ ፈረሰኛ የለምና። ያሳዘነን አባት አስቀድሞ ፈረሱን ሊይዝ መሮጡ፥ ልጁንም ሌላ ሰው ማንሣቱ ነው።

በማግሥቱ ያ ሰው ወደ ቤታችን መጣ። «የኔታ፥ ልጄ ሁለተኛ ፈረስ አልወጣም አለኝ። አባቴ በዚህ ማኅበር ኖሮ ሞተ፤ እኔም እንዲሁ ነኝ። በእኔ ዘመን ሊቋረጥ ነውን?» አለን። እኛም «ልጁ የፈራው ፈረሱን ነው ወይስ አንተን?» ብለን ጠየቅነው። ብዙ ዝም አለ።

ያን ጊዜ ያነበብንለት ከኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 33 ነበር። ያዕቆብ በላባ ቤት ሃያ ዓመት ኖሮ ወደ ሀገሩ ሲመለስ ወንድሙ ኤሳው 400 ሰዎች አስከትሎ ተቀበለው። ተቃቅፈው ከተላቀሱ በኋላ ኤሳው አብረው እንዲጓዙ፥ እርሱም በፊት እንዲቀድም ጠየቀው። ያዕቆብ ግን ልጆቹ ለጋዎች መሆናቸውን፥ የሚያጠቡ ከብቶችም እንዳሉት፥ አንዲት ቀን እንኳ በጥድፊያ ቢነዱ መንጋው እንደሚያልቅ ገልጦ፥ ኤሳው እንዲቀድም፥ እርሱ ግን በሕፃናቱ እርምጃ መጠን በዝግታ እንደሚከተል ነገረው። ኤሳው ወደ ሴይር ገሠገሠ፤ ያዕቆብም በዝግታ ተጉዞ ሱኮት ደረሰ።

እስቲ ይህን ነገር እናስተውለው። ያዕቆብ መፍጠን የማይችል ሰው ነበርን? አልነበረም፤ ከላባ በሸሸ ጊዜ ላባ መሸሹን የሰማው በሦስተኛው ቀን ነው። ወንዶች ሁሉ በሚያዩት ቦታ፥ ያውም በ400 ሰው ፊት፥ በልጆች ምክንያት ወደ ኋላ መቅረት ቀላል አይደለም። ያዕቆብ ግን ማን ምን ይለኛል ሳይል ሕፃናቱን ተመለከተ። ስለ ምን በዝግታ ሄደ ቢሉ፥ ስለ ልጆቹ ነው። አንድም ሌሊቱን ሲታገል አድሮ ጭኑ ተነክቶ ያነክስ ነበርና፥ የራሱን ድካም ያወቀ ሰው ለሌላው ድካም ይራራል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 9 ሯጮች ብዙዎች ሲሆኑ ዋጋውን የሚቀበለው አንዱ ብቻ እንደ ሆነ አስተምሮ የለምን? እንግዲህ አባት ስለ ምን ይዘገያል? የሚል ይኖር ይሆናል። በቆሮንቶስ አጠገብ ኢስትሚያ በተባለ ቦታ በየሁለት ዓመቱ ውድድር ይደረግ ነበር፤ የአሸናፊውም ዋጋ በራስ ላይ የሚደፋ የቅጠል አክሊል ነበር። ሐዋርያው ሰሚዎቹ በሚያውቁት ነገር ምሳሌ ሰጠ እንጂ፥ ያን የሚጠወልግ አክሊል ከማይጠፋው አክሊል ለይቶ ተናግሯል። የማይጠፋውን አክሊል አንዱ ቢቀበል ሌላው አይጎድልበትም። ደግሞም ያው ሐዋርያ ለቆላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 3 አባቶች ልጆቻቸውን አስመርረው ተስፋ እንዳያስቆርጧቸው አዝዟል። በአዲስ አበባ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በሚደረገው ታላቁ ሩጫም ላይ ልጆቻቸውን ይዘው የሚወጡ ወላጆች አሉ፤ ይህ ትእዛዝ በእግር ለሚሮጠውም በፈረስ ለሚጋልበውም እኩል ነው።

የቀድሞ ነገሥታት በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደ ነበር እናውቃለን። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። አባ ማለት አባት ማለት ነው። ለዚያ ሰውም ይህን አስታውሰን፥ በሜዳው መካከል የፈረሱ አባት ሆኖ የልጁን አባትነት ረስቶት እንደ ነበረ ነገርነው። ቃሉ ከበደው፤ ነገር ግን ተቀበለው።

ይህን ስንል ልጅ ያለ ልጓም ይለቀቅ ማለታችን አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 እንደ ተጻፈው የዳዊት ልጅ አዶንያስ ሠረገላና ፈረሰኞች፥ በፊቱም የሚሮጡ 50 ሰዎች ባዘጋጀ ጊዜ አባቱ ስለ ምን እንዲህ ታደርጋለህ ብሎ ከቶ አልገሠጸውም ነበር። ፍጻሜውም ሞት ሆነ። አባት የሚስበው ልጓም አለ፤ ነገር ግን ልጁ ሲታበይ የሚሳበውን ልጓም፥ ሲፈራ በሚመታበት አለንጋ ልንለውጠው አይገባም።

ያ አባት በዚያ ዓመት ልጁን ፈረስ ውጣ ብሎ አላስገደደውም። ፈረሱን ሳይጭን፥ ሁለቱም በእግራቸው እየሳቡ ወደ ወንዝ ይወስዱት ነበር። ከክረምት በኋላ ልጁ ራሱ ልጫነው ብሎ ጠየቀ። በተከታዩ ጥር ከቅዳሴ ወጥተው ወደ ሜዳው ሄዱ፤ በሶምሶማው ሰልፍ ከሁሉ በኋላ አለፉ፥ በግልቢያውም አልገቡም። ከተመልካቹ መካከል የሳቁ ነበሩ። አባትየው ሰምቷቸዋል፤ ወደ እነርሱ ግን አልዞረም።

በወንጌል ደግሞ የዚህ መልስ የሚሆን ነገር አለ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ ጌታ መቃብር አብረው ሮጡ። ዮሐንስ ወጣት ነበርና ቀድሞ ደረሰ፤ ጐንበስ ብሎም የተልባ እግሩን ልብስ አየ፥ ነገር ግን አልገባም። ሽማግሌው ጴጥሮስ ደርሶ ከገባ በኋላ ገባ። መቅደሙን ወንጌሉ አልሸሸገም፤ መቆየቱንም እንዲሁ ጻፈ።

ያ ልጅ አሁን ጎልማሳ ነው፤ አባቱም ጉልበቱ ስለ ደከመ ወደ ኮርቻው ሰው ደግፎት ይወጣል። በቅርብ ዓመት ባየናቸው ጊዜ አብረው ተነሡ፤ ልጁም እጅግ ቀደመ። ከሜዳው ዳር ሲደርስ ግን ልጓሙን ሳበና ፈረሱን ወደ ኋላ አዙሮ፥ አባቱ በሶምሶማ እስኪደርስ ድረስ ቆመ።