በአሮጌ ዕቃ አትክልት ከዘር ማልማት

ግቢያቸው ጠባብ የሆነ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት ቆስጣ፣ ሰላጣና ቲማቲም በባልዲ፣ በጀሪካን ወይም በጆንያ ማልማት ይችላሉ። ይሁን እንጂ የጀማሪ ችግኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው በውኃ ማነስ ሳይሆን በውኃ መብዛት ነው።

ውኃ የማያሳልፍ ዕቃ ሥርን ስለሚያፍን፣ ከግርጌው የእርሳስ ውፍረት ያላቸው 4 ወይም 5 ቀዳዳዎች ይበሱ፤ ዕቃውም በድንጋይ ላይ ይቀመጥ። ፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ግን ምንም ያህል ቢታጠብ ለዚህ ሥራ አይውልም። የልማት ሠራተኛው ዘር ከማደሉ በፊት ይህን በዓይኑ ማረጋገጥ አለበት።

አፈሩ 3 እጅ ለም አፈር፣ 2 እጅ በሚገባ የበሰበሰ ፍግ፣ 1 እጅ አሸዋ ተደርጎ ይደባለቃል።

የቆስጣ ዘር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይቀበራል፤ የሰላጣ ዘር ግን በስሱ ብቻ ይሸፈናል። አንዷ የቆስጣ ፍሬ የበርካታ ዘሮች ጥቅል ስለሆነች ከአንድ ቦታ 2 ወይም 3 ችግኝ ሊበቅል ይችላል። ጠንካራውን አስቀርቶ ሌላውን በመቀስ መቁረጥ ይገባል፤ መንቀል የቀረውን ሥር ያናጋል። ጀማሪ እዚህ ላይ ይሳሳል፤ የተቆረጠው ግን ለወጥ ይሆናል።

የችግኙ ግንድ ከአፈሩ ወለል ላይ ቀጥኖና ጠቁሮ ከወደቀ፣ በፈንገስ የሚመጣ የችግኝ መበስበስ ነው። ጀማሪው ውኃ ጠምቶት ነው ብሎ ሲጨምር የቀሩትም ያልቃሉ። የታመሙት ከነአፈራቸው ይወገዱ፣ ውኃ ይቀነስ፣ ነፋስ ያግኙ። ከዚያ በኋላ ውኃ የሚጠጣው ጣት ገብቶ አፈሩ እስከ መጀመሪያው አንጓ ደርቆ ሲገኝ ነው፤ ያውም በጠዋት።

ለቲማቲም 20 ሊትር በሚይዝ ዕቃ አንድ ተክል ብቻ በድጋፍ እንጨት ይበቃል።