የጎደለው ቁራጭ የት ገባ?

በ1972 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ቺካጎ ውስጥ ዶክተር ጃኔት ራውሊ የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከፎቶግራፍ በመቀስ የቆረጧቸውን ጥቃቅን ክሮሞዞሞች ዘርግተው እያንዳንዱን ከጥንዱ ጋር ያገናኛሉ። ልጆቻቸው፣ እናታችን በወረቀት አሻንጉሊት እየተጫወተች ደመወዝ ይከፈላታል እያሉ ያሾፉባቸዋል።

ነገሩ የተጀመረው ግን 12 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሌሎች ሰዎች እጅ ነው። በአብዛኞቹ የሰውነታችን ህዋሳት ውስጥ የዘር መመሪያችን በ46 ክሮሞዞሞች ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ ፊላደልፊያ ውስጥ የደም ካንሰር ሕሙማንን ደም ሲመረምሩ፣ ከትንንሾቹ ክሮሞዞሞች አንዷን ከወትሮው አጥራ አገኟት። በሽታው ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ ይባላል። መቅኔ ነጭ የደም ህዋስ ያለ ልክ ያመርታል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውየው ይከሳል። አጭሯ ክሮሞዞም በከተማዋ ስም ተጠራች። የጎደላት ቁራጭስ? ተበጥሶ ጠፍቷል ተባለ፤ በዚያው ታለፈ።

ራውሊ እዚህ ጥያቄ ላይ የደረሱት ዘግይተው ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ሲያመለክቱ፣ ከ65 ተማሪዎች ለሴቶች የተፈቀዱት 3 ቦታዎች ሞልተው ስለነበር ዘጠኝ ወር ጠብቀዋል። ከተመረቁም በኋላ አራት ወንዶች ልጆች እያሳደጉ ለዓመታት የሠሩት በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው።

ዕድሉ የመጣው ከባለቤታቸው ጋር ኦክስፎርድ በከረሙበት ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ ክሮሞዞም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ወጥ ቀለም ያለው እንጨት መሰል ነገር ነበር፤ ተመሳሳይ ቁመት ያላቸውን መለየት ያስቸግራል። ኪናክሪን የሚባል ቀለም ሲነካቸው ግን ብሩህና ደብዛዛ መስመሮች ወጡ። ልክ እንደ ነጠላ ጥለት ነው፤ ጥለቱን ያየ የማን ነጠላ እንደሆነ ያውቃል።

ወደ ቺካጎ ተመልሰው የሕሙማኑን ሥዕሎች ሲያስተያዩ፣ ከአጭሯ፣ ማለትም ከ22ኛዋ ክሮሞዞም፣ በጎደለው ልክ 9ኛው ክሮሞዞም ጫፍ ላይ ትርፍ አገኙ። ቁራጩ አልጠፋም፤ ቤት ቀይሯል። ግኝቱ በ1973 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። ብዙዎች የክሮሞዞም መዛባት ካንሰር የሚያስከትለው ጉዳት እንጂ የካንሰር ምክንያት አይደለም ብለው ያምኑ ነበርና ወዲያው እልል የተባለለት ዜና አልነበረም።

ቦታ መቀየር ለምን ካንሰር ያመጣል? ደጓሽ የሁለት መጻሕፍትን ቅጠሎች አቀያይሮ ጠረዘ እንበል። በአንደኛው «ባለቤቱ ሲያዝዝ ብቻ በሩን ክፈት» የሚል ነበረ፤ በሌላው «ሌት ተቀን ሳታቋርጥ መብራቱን አብራ»። መጋጠሚያው ላይ አንድ አዲስ ዓረፍተ ነገር ይወለዳል፦ «ሌት ተቀን ሳታቋርጥ በሩን ክፈት»። በ1980ዎቹ እንደተረጋገጠው፣ ከ9ኛውም ኤቢኤል የተባለ ጂን ወደ 22ኛዋ ተሻግሮ ቢሲአር ከተባለው ጋር ይጋጠማል። ኤቢኤል የሚሠራው ፕሮቲን ህዋሱን እንዲባዛ ከሚያዙት አንዱ ነው፤ ጤነኛው ልጓም አለው፣ የተጋጠመው የለውም።

ምክንያቱ እንዲህ በአንድ ፕሮቲን ከተወሰነ፣ መድኃኒቱም እሱን ብቻ ሊያነጣጥር ይችላል ማለት ነው። ኢማቲኒብ፣ በንግድ ስሙ ግሊቬክ፣ ፕሮቲኑ ጉልበት የሚቀበልበት ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ይወተፋል። ዶክተር ብራያን ድሩከር ከባልደረቦቻቸው ጋር ባካሄዱት የመጀመሪያ ሙከራ፣ በቂ መጠን ከወሰዱ 54 ሕሙማን የ53ቱ የደም ቁጥር ወደ ጤናማው ተመለሰ። በ2001 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ ራውሊም በሕይወት ሳሉ አዩት፤ ያረፉት በ2013 ነው። አዲስ አበባም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚታከሙ ሕሙማን ይህንኑ መድኃኒት በዓለም አቀፍ የእርዳታ ፕሮግራም በነፃ ሲያገኙ ቆይተዋል።

ክኒኑ የተሳሳተውን ጥራዝ አይፈታም፤ ትእዛዙን ያፍናል እንጂ። ስለዚህ በየቀኑ ይወሰዳል፤ አንዳንዴም ፕሮቲኑ ቅርጹን ቀይሮ መድኃኒቱን ያመልጠዋል፣ ያኔ ሌላ ይታዘዛል። ሐኪሙም በየጊዜው ደም እየቀዳ፣ ያ የተዛባ ዓረፍተ ነገር ምን ያህል እንደቀረ ያስቆጥራል። ለዓመታት ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ከቆየላቸው አንዳንዶቹ በክትትል ሥር ክኒኑን ያቆማሉ፤ ከእነሱም ከፊሎቹ ሳያገረሽባቸው ይቀራል።