ስለ ሕፃን አያያዝ፤ ዕለት ዕለት ስለሚፈራረቀው ደስታና ጭንቅ

የላም ጥጃ በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተነሥቶ የእናቱን ጡት ይፈልጋል። የሰው ልጅ ግን ራሱን ቀና አድርጎ ለመያዝ እንኳ 3 ወር ገደማ፥ ያለ ድጋፍ ለመቀመጥ ከ6 እስከ 8 ወር፥ ለመራመድም አንድ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ሁሉ ሕይወቱ በአሳዳጊዎቹ እጅ ነው። አሳዳጊም የምንለው እናትን ብቻ አይደለም፤ አባትም፥ አያትም፥ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ታናሹን በአንቀልባ የሚያዝል ተማሪም አሳዳጊ ነው። ተማሪዎች ሆይ፥ ይህ ትምህርት ለእናንተ መጻፉ ስለዚህ ነው።

ሕፃን ባለበት ቤት ሳቅና ልቅሶ ይፈራረቃሉ። ማታ ሲያለቅስ ያደረ ልጅ ጧት ፈገግ ብሎ ይታያል፤ ትናንት ደኅና የጠባውም ዛሬ እንቢ ይላል። የአሳዳጊ ጥበብ ሁለት ነገሮችን መለየት ነው፤ ይኸውም በራሱ የሚያልፈውን ጭንቅ በትዕግሥት ማሳለፍ፥ የማያልፈውን ደግሞ ፈጥኖ ማወቅ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን ያገላብጠዋል፤ በሚያልፈው ይደነግጣል፥ በማያልፈው ጊዜ ይታገሣል። ይህን መለየት እንድትችሉ ነገሩን በየክፍሉ እንመልከት።

አንደኛ ክፍል፤ ስለ ምግቡ

ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ ይገባዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ወፍራምና ቢጫ የሆነው እንገር በአንዳንድ አገር እንደ ቆሻሻ ተቈጥሮ ይታለባል፥ ይደፋል። ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚከላከል ነገር በብዛት ያለበት ነውና። እንደዚሁም ለአራስ ልጅ ቅቤ ማዋጥ፥ ስኳር የገባበት ውሃ ወይም ሌላ ነገር መስጠት አይገባም። ከእነዚህ ጋር በዐይን የማይታዩ ተሐዋስያን ወደ ሆዱ ይገባሉ፤ ቅቤውም ሊያንቀው ይችላል። ማር ደግሞ አንድ ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም፤ ለትልቅ ሰው የማይጎዳው በማር ውስጥ የሚገኝ ተሐዋሲ የሕፃንን ሰውነት የሚያዝል መርዝ በሆዱ ውስጥ ሊያፈራ ይችላልና።

እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል። በበጋ ወራት እንኳ ውሃ አያስፈልገውም፤ ጡት አብዛኛው ውሃ ነውና። አራስ ልጅ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። እናቶች ሁሉ የሚጨነቁበት ነገር «ጡቴ ይበቃው ይሆን?» የሚለው ነው። የሚታወቅበት ምልክት ይህ ነው፤ ከተወለደ ከ5 ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከሸና፥ ክብደቱም ከጨመረ በቅቶታል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክብደቱ እስከ ዐሥረኛው እጅ ቢቀንስ አያስደነግጥም፤ 2 ሳምንት ገደማ ሲሆነው ይመልሰዋል።

ከጠባ በኋላ ትንሽ ወተት ቢያቀረሽም የተለመደ ነው፤ ቀና አድርጎ ይዞ ጀርባውን ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ያስገሳዋል። ነገር ግን ትውከቱ አረንጓዴ ወይም ደም ያለበት ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

6 ወር ሲሞላው ጡት ብቻ አይበቃውም። በዚያን ጊዜ ከእህልና ከጥራጥሬ ዱቄት የተሠራ ገንፎ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ተጨምሮበት ይጀምራል። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይፈስስ ወፈር ያለ ይሁን፤ ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ኃይል አይሰጥምና። እንቁላል፥ የተፈጨ ጎመን፥ ካሮት፥ ድንችም ይጨመርበት። ጡቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል።

ሁለተኛ ክፍል፤ ስለ ልቅሶውና ስለ እንቅልፉ

አራስ ልጅ ከ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል፤ ነገር ግን እንቅልፉ የተቈራረጠ ስለ ሆነ ለወላጆቹ ዕረፍት አይሰጥም። ይህ የልጁ ክፋት አይደለም፤ ሆዱ ትንሽ ስለ ሆነች ቶሎ ቶሎ ይርበዋል፥ ቀንና ሌሊትንም ገና አይለይም።

ልቅሶውም ከሳምንት ወደ ሳምንት እየጨመረ ይሄድና 6 ሳምንት ገደማ ሲሆነው ከሁሉ ይበረታል፤ ከዚያም እየቀነሰ ሄዶ ከ3 እስከ 4 ወር ሲሆነው ይረግባል። በተለይ አመሻሹ ላይ ያለ ምክንያት የሚያለቅስ ልጅ ብዙ ነው። በዚህ ጊዜ ጎረቤት ሁሉ «ዐይን ነው»፥ «ብርድ መታው» እያለ ልዩ ልዩ መድኃኒት ያመጣል። አሳዳጊ ግን በመጀመሪያ ርቦት፥ ርሶ፥ በርዶት፥ ሞቆት ወይም በልብሱ ውስጥ የሚወጋ ነገር ገብቶ እንደ ሆነ ይመልከት። ይህ ሁሉ ከሌለ፥ ትኩሳትም ከሌለው፥ ጡትም በደኅና ከጠባ፥ አቅፎ እሹሩሩ ማለት ይበቃል።

አስተውሉ፤ ልቅሶው ከሁሉ በሚበረታበት በዚያው ሳምንት ገደማ ሕፃኑ የሰው ፊት አይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ማለት ይጀምራል። እናት ከደከመችበት ቀን ሁሉ በሚከብደው ጊዜ የመጀመሪያው ዋጋዋ ይመጣላታል።

ሕፃንን ስለ ልቅሶው ተቈጥቶ መነቅነቅ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አንገቱ ገና ስላልጸና አንጎሉ ይናወጣል፥ ደምም ይፈስስበታል፤ ከዚህም የተነሣ ዕውር ሊሆን ወይም ሊሞት ይችላል። አሳዳጊ ትዕግሥቱ ያለቀበት እንደ ሆነ ሕፃኑን ከእሳትና ከከብት በራቀ ስፍራ በጀርባው አስተኝቶ፥ ጥቂት ወጣ ብሎ አየር ይቀበል፤ ወይም ሌላ ሰው ይተካው። ሕፃን ሁልጊዜ የሚተኛው በጀርባው ነው እንጂ በሆዱ አይደለም። ጢስ የሞላበት ቤትም ሳንባውን ይጎዳዋልና ምድጃው ራቅ ይበል።

እናትም ሰው ናት። ከወሊድ በኋላ ለጥቂት ቀን ሆድ ቢብሳት የተለመደ ነው፤ ኀዘኗ ከ2 ሳምንት በላይ ቢቈይ፥ ወይም ልጁን ለማየት ብትጠላ ግን ይህ በሽታ ስለ ሆነ ለጤና ባለሙያ ይነገር። ባልም ውሃ ቢቀዳ፥ ሌሊት ልጁን ተቀብሎ ቢያቅፍ፥ ክብሩ አይቀንስም።

ሦስተኛ ክፍል፤ ስለ ንጽሕናውና ስለ ጎጂ ልማድ

በተወለደ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ሕፃን አይታጠብም፤ ሰውነቱ ሙቀት ያጣልና። ይልቁንም ደረቅ ጨርቅ አድርቆት በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ይሁን። በኋላም ሲታጠብ ውሃው ለብ ያለ መሆኑ በክርን ይፈተን።

እትብቱ ላይ ቅቤ፥ እበት፥ ዐፈር ወይም ዐመድ አይደረግ። በዐፈርና በእበት ውስጥ የሚኖረው ተሐዋሲ በእትብቱ ገብቶ መንጋጋ ቈልፍ የሚባለውን በሽታ ያመጣል። በሐኪም የታዘዘ ካልሆነ በቀር እትብቱ በደረቁ ይተው፤ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይወድቃል።

ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ገደማ ሲሆነው ይበቅላል፤ ነገር ግን በ4 ወር የሚጀምር፥ እስከ ዓመቱም የሚዘገይ አለ። በዚህ ጊዜ ልጁ ለሐጩ ይዝረከረካል፥ ይነጫነጫል፥ ያገኘውንም ይነክሳል። ይህ የሚያልፍ ነው። ግግ ነው ብሎ ድዱን መብጣት፥ እንጥሉንም መቍረጥ ደም ያፈስሳል፥ በሽታም ያስገባል፤ ምንም ጥቅም የለውም።

አራተኛ ክፍል፤ ስለ ክትባት

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ክትባት ማለት ይህ ነው። ቀድሞ በየዘመኑ ሰውን ይፈጅ የነበረው ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በክትባት ነው፤ የመጨረሻው በሽተኛ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነበር። ዛሬ በዓለም ሁሉ ፈንጣጣ የለም።

ሕፃን እንደ ተወለደ የሳንባ ነቀርሳና የልጅነት ልምሻ መከላከያ ይቀበላል። ከዚያም በ45 ቀኑ፥ በ2 ወር ተኩልና በ3 ወር ተኩል ሌሎቹን ይከተባል፤ በእነዚህም ውስጥ የትክትክ፥ የዘጊ አናዳ፥ የመንጋጋ ቈልፍና የሳንባ ምች መከላከያ አለ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወሩ ይሰጣል፥ በ15 ወሩም ይደገማል። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ ከቤት አትውጣ የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን የ45 ቀን ክትባት 80 ቀን አይጠብቅምና ልጅቷን ሸፍኖ መውሰድ ይገባል። ከክትባት በኋላ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ቢያተኵሰውና ቢነጫነጭ የሚያልፍ ነው። ፊደል የቈጠራችሁ ተማሪዎች የክትባቱን ካርድ አንብባችሁ ቀኑን ለቤተ ሰቡ አስታውሱ።

አምስተኛ ክፍል፤ የማይታለፉ ምልክቶች

ከዚህ ቀጥሎ ከተጻፉት አንዱ እንኳ ከታየ፥ ሌሊትም ቢሆን፥ ሕፃኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤

1. ጡት መጥባት እንቢ ቢል፥ የጠባውንም ሁሉ ቢያስታውክ፤
2. ቢንቀጠቀጥ፥ ወይም ቢቀሰቅሱት የማይነቃ ቢሆን፤
3. 2 ወር ያልሞላው ሆኖ ቢያተኵሰው፥ ወይም ገላው ቢቀዘቅዝ፤
4. ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ቢሰረጕድ፥ ወይም ትንፋሹ ቢፈጥን፤
5. መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ቢሆን፤
6. እትብቱ ዙሪያ ቢቀላ ወይም መግል ቢይዝ፤
7. ተቅማጥ ይዞት ዐይኑ ቢጐደጕድ፥ ወይም ሰገራው ደም ቢኖረው።

የትንፋሽ ፍጥነት የሚታወቀው ሕፃኑ ጸጥ ባለ ጊዜ ሰዓት ይዞ አንድ ሙሉ ደቂቃ በመቍጠር ነው። 2 ወር ላልሞላው 60፥ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለው 50፥ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ይህም የሳንባ ምች ምልክት ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ በአንድ ቤት የ5 ሳምንት ሕፃን አመሻሹ ላይ ጡት ተወ እንበል። አያቱ፥ «ብርድ ነው፤ ሲነጋ ይሻለዋል» ይላሉ። የ4ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው እኅቱ ግን ሰዓት ይዛ ቈጥራ፥ «እማማ፥ ሁለት ጊዜ ቈጠርሁት፤ 66 ነው። እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ይፍቀዱልንና እንውሰደው» ትላቸዋለች። አያትም፥ «እንግዲያውስ አባትሽን ጥሪው፤ በቅሎዋን ይጫን» ይላሉ። አያቲቱ ክፉ አይደሉም፤ ልጅቷም ትልቅ ሰው አልናቀችም። አንዲት ደቂቃ መቍጠር ግን አንድ ሌሊት አተረፈች፤ በአራስ ልጅ ዘንድም አንድ ሌሊት ብዙ ነው።

ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ጡት አይከልከል፤ ይልቁንም ይጨመርለት። ከጤና ኬላ የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ. አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ቀስ በቀስ ይጠጣ፤ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ።

ይህ ሁሉ ከንቱ ድካም አይደለም። በኢትዮጵያ በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ግን 67 ሆኑ። የቀሩት 67ም የሰው ልጆች ናቸውና ሥራው ገና አላለቀም።

ሕፃኑ ድኖ፥ በዳዴ ሄዶ፥ አንድ ቀን ግድግዳ ይዞ ይቆማል፤ ቤተ ሰቡም ሁሉ ዙሪያውን ከቦ ያጨበጭብለታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይህ ነው።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. እንገር ለሕፃን የሚጠቅመው ስለ ምንድር ነው?
2. ጡት የበቃው ሕፃን በምን ይታወቃል?
3. የሕፃን ልቅሶ ከሁሉ የሚበረታው መቼ ነው? አሳዳጊስ በዚያን ጊዜ ምን ማድረግ ይገባዋል?
4. የ7 ወር ሕፃን በአንድ ደቂቃ 54 ጊዜ ቢተነፍስ ምን ታደርጋላችሁ?
5. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ያለ ሕፃን ቀጣዩ ክትባቱ መቼ እንደ ሆነ ካርዱን አይታችሁ ጻፉ።