የዘገየ እንደ ጠፋ ይቆጠራል

ድምፅና ምስልን በቴሌኮም መረብ ማድረስ በሁለተኛ ዲግሪ የሚያጠና ሰው ከስሌቱ ሁሉ በፊት አንድ ሕግ ይያዝ፦ ለሚነጋገሩ ሰዎች የዘገየ እንደ ጠፋ ይቆጠራል፤ ለሚመለከት ሰው ግን ከመጥፋት መዘግየት ይሻላል። ሕጉን በምሳሌ እንየው።

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በጉባ ተመረቀ። በዚያች ዕለት አንዲት እናት አዲስ አበባ ቴሌቪዥናቸው ፊት ተቀምጠው፣ ግድቡ አጠገብ ከቆመው ልጃቸው ጋር በስልክ ያወራሉ እንበል። በስልኩ የሕዝቡ እልልታ ይሰማቸዋል፤ በቴሌቪዥኑ ግን ተናጋሪው ገና ንግግሩን አልጨረሰም። ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ያው እልልታ ከቴሌቪዥኑ ይወጣል። ምን አዘገየው?

ርቀቱ ነው እንዳንል፣ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ለ1,000 ኪሎ ሜትር 5 ሚሊ ሰከንድ ይበቃዋል። ሳተላይት ነው እንዳንልም፣ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ወጥቶ ለመውረድ የሩብ ሰከንድ ያህል ነው የሚፈጀው። ከቀረው መዘግየት አብዛኛው ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው።

አስቀድመን ድምፁን እንመርምር። በመደበኛው ዲጂታል ስልክ ድምፅ በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልኬት 8 ቢት ሲይዝ 64 ኪሎ ቢት በሰከንድ ይሆናል። ይህ በኢንተርኔት መረብ ሲላክ ብዙ ጊዜ በ20 ሚሊ ሰከንድ ቁራጭ እየተከፈለ በፓኬት ይታሸጋል። ፓኬቱ ተራ ቁጥርና የሰዓት ምልክት ስላለው ተቀባዩ ማን ቀድሞ ማን እንደሚከተል ያውቃል። ንግግር ሳይደነቃቀፍ እንዲሄድ ድምፁ ከአፍ እስከ ጆሮ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመረጣል። ስለዚህ አንድ ፓኬት ሲጠፋ «ድገምልኝ» ብሎ መጠበቅ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ ተደግሞ ሲመጣ ወሬው አልፏል። ተቀባዩ ክፍተቱን ቀደም ሲል በሰማው ድምፅ አስመስሎ ይሞላዋል፤ ጆሮም ብዙውን ጊዜ አያውቅበትም።

ምስሉ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ባለ 1920 በ1080 ነጥብ ምስል፣ ለነጥቡ 24 ቢት፣ በሰከንድ 25 ጊዜ ቢላክ 1,244 ሜጋ ቢት ገደማ በሰከንድ ይሆናል። ታምቆ ግን በ5 ሜጋ ቢት ገደማ ሊሄድ ይችላል። እንዴት? የግድቡ ግንብ አይንቀሳቀስም፤ የሚለዋወጠው የሚወርደው ውኃና የሚውለበለበው ባንዲራ ነው። አንድ ጊዜ ሙሉው ምስል ይላካል፣ ከዚያ በኋላ ለውጡ ብቻ። የዚህ ቁጠባ ዕዳ ደግሞ አለ፤ ከመካከል አንድ ፓኬት ቢጠፋ፣ የሚቀጥለው ሙሉ ምስል እስኪመጣ ድረስ በእርሱ ላይ የተመሠረቱት ሁሉ ይበላሻሉ። ስለዚህ ስርጭቱ ጥቂት ሰከንዶች አስቀድሞ ያጠራቅማል፤ የጠፋው ተደግሞ ወይም ተጠግኖ እስኪሟላ ይታገሣል። ተመልካቹ መልስ ስለማይሰጥ ትዕግሥቱ አይጎዳውም።

ተማሪ ይጠይቅ ይሆናል፦ «መስመሩን ብናሰፋው ሕጉ አይሻርም?» አይሻርም። ስፋት ወረፋን ያቃልላል እንጂ፣ ኮረብታ የጋረደውን የሬዲዮ ሞገድ አይመልስም፤ ለድጋሚ መላክ የሚያስፈልገውን የደርሶ መልስ ጊዜም አያጠፋም።

ሌላው ደግሞ «እንግዲህ ድምፅ ይቸኩላል፣ ምስል ይታገሣል ማለት ነው» ይል ይሆናል። ይህም ስሕተት ነው። እናትየው «እስቲ ካሜራውን ወደ ውኃው አዙርልኝ» ቢሉና ልጁ ቢያዞር፣ አሁን ምስሉም ወሬ ሆኗል። እየተቆራረጠና እየደበዘዘ ቢደርስ እንኳ በሰዓቱ መድረስ አለበት። የሚቸኩለውንና የሚታገሠውን የሚለየው በወዲያኛው ጫፍ መልስ የሚጠብቅ ሰው መኖሩ ነው። መረብ የሚነድፍ ሰው አስቀድሞ ይህን ይጠይቅ፤ የፍጥነቱ ስሌት ከዚያ ይከተላል።